ምንቃሩን ከመቁረጣችሁ በፊት

(የቤት ወፍ ለሚያሳድጉ ሰዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ! ቅዳሜያችሁን ከቤተሰባችሁና ከገበያችሁ ቀንሳችሁ ስለ ወፍ ምንቃር ለመስማት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ኑ ግቡ። ወፎቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ኬጁን በስስ ጨርቅ ሸፍኑላቸው፤ ይህ ሁሉ ሰው ያስደነግጣቸዋል።

በጥያቄ ልጀምር። ከመካከላችሁ የጥፍር መቁረጫ ይዞ የወፍ ምንቃር ቆርጦ የሚያውቅ ማን ነው? እጅ አውጡ፤ የሚፈርድባችሁ የለም። አያችሁ፣ ብዙ ነን። አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ ስሙኝ፤ ከመቁረጣችሁ በፊት «ለምን ረዘመ?» ብላችሁ የጠየቃችሁስ? እጆቹ ወረዱ።

ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። የረዘመ፣ የተጣመመ፣ የተሰነጠቀ ምንቃር አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ነው። ምልክቱን ቆርጣችሁ ስትጥሉ በሽታው ውስጥ ይቀራል። በወሩ ምንቃሩ ተመልሶ ይረዝማል፤ ወፏ ግን በዚያ ወር ውስጥ ከጉበቷ ወይም ከክብደቷ የማይመለስ ነገር አጥታለች።

አራት ነገር እናገራለሁ። ምንቃር ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያበላሸው፣ ምን እንደምናደርግለት፣ በመጨረሻም ምንቃሯ የማይስተካከል ወፍ እንዴት እንደምትኖር። የመጀመሪያውን ቶሎ አልፈዋለሁ፤ ሁለተኛው ላይ እንቆያለን።

አንደኛ፣ ምንቃር። ብዙ ሰው እንደ ጥፍር ያስበዋል። እንደ ጥፍር የሆነው ግን የላዩ ብቻ ነው። ከውጭ የምናየው ጠንካራ ሽፋን ኬራቲን ነው፤ የእኛ ጥፍርና የበሬ ቀንድ የተሠሩበት ነገር ማለት ነው። ከእሱ ሥር ደም ሥርና ነርቭ የሞላበት ስስ ሕያው ሥጋ አለ። ከሥጋው ሥር አጥንት አለ። በበቀቀን ዘሮች፣ ማለትም በባጂ፣ በላቭበርድ፣ በኮካቲል፣ የላይኛው ምንቃር ከራስ ቅል ጋር የሚገናኘው እንደ በር ማጠፊያ በሚንቀሳቀስ መጋጠሚያ ነው። የምንቃሩ ጫፍ ደግሞ እንደ እኛ የጣት ጫፍ ስሜት አለው፤ ወፏ የዘሩን ልስላሴና ጥንካሬ የምትለየው በእሱ ነው። ስለዚህ ጫፉን አጥልቆ የቆረጠ ሰው ጥፍር አልቆረጠም፤ ጣት ነው የቆረጠው።

ሽፋኑ የሚሠራው ከሥሩ፣ ከአፍንጫዋ አጠገብ ነው፤ ከዚያ ወደ ጫፍ እየተገፋ ይወርዳል። የባጂ የላይኛው ምንቃር በዓመት 7 ሴንቲሜትር ገደማ እንደሚያድግ ይገመታል። ታዲያ ጤነኛዋ ባጂ ለምን 7 ሴንቲሜትር ምንቃር የላትም? ስለምትሞርደው ነዋ! ማታ ልትተኛ ስትል የምትሰሙት ያ «ክርክር ክርክር» የሚል ድምፅ የላዩንና የታቹን እርስ በርስ ስታፋጭ ነው። የእንጦጦዋን ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዱር የማትገኘዋን ጥቁር ክንፍ ላቭበርድ ተመልከቷት፤ የጽድ ፍሬና ሾላ ስትፈለፍል ውላ ማንም ሳይሞርድላት ያ ቀይ ምንቃሯ ልኩን ጠብቆ ይኖራል። (እግረ መንገዴን፣ እሷን ከዱር ይዞ ለሚሸጥ ሰው ገንዘብ አትስጡ። ቦታዋ ጫካው ነው።)

ልኩስ ስንት ነው? ከዘር ዘር ይለያያል። ወፍራም ምንቃሩ የአገራችን ቁራ ያንን የሚያህል ምንቃር ተሸክሞ ጤነኛ ነው። የባጂ ምንቃር ወደ ደረቷ ታጥፎ ግማሹ በላባ ስለሚሸፈን አጭር ይመስላል፤ ስለዚህ በዓይን ግምት አትተማመኑ። በየወሩ መጀመሪያ ቀን በስልካችሁ ሁለት ፎቶ አንሱ፣ አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን፣ ሁልጊዜ በዚያው ቦታና በዚያው ብርሃን። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ የሚረዳው የስድስት ወር ፎቶ ነው።

ሁለተኛ፣ ምን ያበላሸዋል? እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

በባጂ ላይ በጣም የተለመደው ያለ ማጉያ መነፅር የማትታይ ትንሽ ተባይ ናት። የምንቃሩን ሥር፣ የአፍ ዳሩን፣ የዓይን ዙሪያውንና እግሩን ትቆፍራለች። መጀመሪያ የምታዩት ነጭ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነገር ነው። ቀጥሎ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቅርፊት ይሆናል። ሥሩ ከተቆፈረ ደግሞ የሚወጣው ምንቃር ተጣሞ ወይም ረዝሞ ይወጣል። ይህ የሚድን ነው! ደግሜ እላለሁ፣ የሚድን ነው፤ በጊዜ ከተያዘ ምንቃሩም ይስተካከላል።

መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው። እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል፤ በዚህ መድኃኒት ብዙ ወፍ ሞቷል። በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ የምታገኙት ለከብትና ለበግ የተዘጋጀው ባለ 1 ከመቶው ነው። አንድ ሚሊ ሊትሩ 10 ሚሊ ግራም ይይዛል። ለወፍ የሚሰጠው መጠን ደግሞ በተለምዶ በአንድ ኪሎ ክብደት 0.2 ሚሊ ግራም ነው። ባጂያችሁ ስንት ትመዝናለች? 35 ግራም እንበል። የሚያስፈልጋት 0.007 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ከጠርሙሱ አንድ ጠብታ ብታንጠባጥቡባትስ? አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ 0.5 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለበት። ከሚያስፈልጋት ሰባ እጥፍ! «አንድ ጠብታ ምን ታደርጋለች» የምንለው በራሳችን መጠን ስለምናስብ ነው። ወፏ መጀመሪያ ትደነዝዛለች፣ ሚዛኗን ትስታለች፣ ከዚያ ትሞታለች። ስለዚህ መድኃኒቱን ሐኪሙ በትክክለኛው ፈሳሽ አቅጥኖ፣ ወፏን በግራም ሚዛን መዝኖ ይስጣት። በውሃ ልታቀጥኑት አትሞክሩ፤ እኩል አይደባለቅም፤ አንዱ ጠብታ ባዶ፣ ሌላው መርዝ ይሆናል። ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ይደገማል፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ያልነካቸው በዚያ ጊዜ አድገው ይገኛሉ። አብረዋት ያሉት ሁሉ ባይታይባቸውም ይታከማሉ። የእንጨት መቆሚያዎቹን አውጥታችሁ አቃጥሉ፤ ሽቦውን በፈላ ውሃ እጠቡ።

ሁለተኛው ምክንያት ጉበት ነው። ወፍራም ባጂ፣ ወፍራም በቀቀን አይታችሁ «እንዴት አማረባት!» ትላላችሁ? አታማርም። ቀኑን ሙሉ ሱፍና ዘር ብቻ የምትበላ፣ የማትበር ወፍ ጉበቷ በስብ ይሞላል። ጉበት ሲታመም ኬራቲኑ ለስላሳ፣ የሚላላጥ፣ ቶሎ የሚረዝም ይሆናል። መለያው ምንድን ነው? በምንቃሩና በጥፍሩ ውስጥ ጥቁር ወይም ቡናማ ነጠብጣብ፣ እንደ በለዘ ጥፍር የሚመስል፣ ይታያል። ደም ነው፤ ሽፋኑ ውስጥ የፈሰሰ ደም። ኩሷን ተመልከቱ፤ ነጭ መሆን የሚገባው ክፍል ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ካዘነበለ ጉዳዩ የምንቃር አይደለም። እንዲህ ያለችውን ወፍ በጨርቅ ጠቅልሎ ለመሞረድ መታገል ራሱ ሊገድላት ይችላል፤ ደሟ ቶሎ አይረጋም፣ ትንፋሿም አጭር ነው። ቅድሚያ ምርመራ፣ ቅድሚያ የምግብ ለውጥ። ሞረድ በኋላ።

የምግብ ለውጥ ስንል በአንድ ቀን አይደለም። ዘር የለመደችን ወፍ ዛሬ ጎመን ብቻ ብትሰጧት አትበላም፤ ትራባለች እንጂ። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ስጡት። በጠዋት፣ ርቧት ሳለ፣ አዲሱን ምግብ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ዘሩን። በየሳምንቱ ዘሩን ትንሽ ቀንሱ። በየጠዋቱ መዝኗት።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። ዘር በዚህ ቫይታሚን ድሀ ነው። እጥረቱ ሲቆይ የአፍ ውስጡ ቆዳ ይደርቃል፣ ይወፍራል፤ ምንቃሩ ሻካራና ቅርፊታም ይሆናል፤ አፍንጫዋም ይደፈናል። መድኃኒቱ ከገበያችን አይጠፋም፤ ካሮት፣ ዱባ፣ የአበሻ ጎመን፣ ብርቱካናማው ስኳር ድንች፣ ቀይ ቃሪያ። «ቃሪያ አያቃጥላትም?» ትሉኝ ይሆናል። አያቃጥላትም፤ ወፎች እኛን የሚያቃጥለንን ነገር አይቀምሱትም፤ እንዲያውም ፍሬውን ለይተው ይበሉታል። የቫይታሚን ጠብታ ገዝቶ በውሃ ላይ ማብዛቱን ግን አልመክርም፤ ቫይታሚን ኤ ከመጠን ሲያልፍ ጉበት ይጎዳል።

ጫጩቶችስ? የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ እጥረት ያለበት ጫጩት ምንቃሩ እንደ ላስቲክ ይታጠፋል። ለስላሳ ሳለ የገፋው ነገር ሁሉ ያጣምመዋል። ለእናቲቱ የእንቁላል ቅርፊት 10 ደቂቃ አፍልታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ አድቅቃችሁ በተለየ ዕቃ አስቀምጡ። የጠዋት ፀሐይ ይንካቸው፤ በመስታወት በኩል የሚገባው ግን አይቆጠርም። መስታወት ሙቀቱን ያስገባል እንጂ ቫይታሚን ዲ የሚያሠራውን ጨረር ያስቀረዋል።

በእጅ የሚመገቡ ጫጩቶች ላይ ደግሞ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የእኛ እጅ ነው። መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ ሁልጊዜ በአንድ በኩል አስገብተን፣ ጫጩቷ ስትገፋው እኛም ስንገፋ፣ ለስላሳው ምንቃር ወደ ሌላው ወገን ያጋድላል። የታችኛውን ምንቃር በሁለት ጣት ጨብጦ መያዝም እንደዚሁ ከጎንና ከጎን ጨፍልቆ ያጠብበዋል። ጭንቅላቷን ከኋላ ደግፉ፣ ሲሪንጁ ምንቃሩን አይጫነው፣ ከበላች በኋላ በእርጥብ ጥጥ ጥረጉላት። ምግቡ 39 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን፤ በቴርሞሜትር እንጂ በጣት አይለካም። ከቀዘቀዘ የጉሮሮዋ ከረጢት ውስጥ ይቆምና ይኮመጥጣል፤ 43 ዲግሪ ካለፈ ከረጢቱን ያቃጥለዋል።

ቫይረስ አለ። የበቀቀን ዘሮች የምንቃርና የላባ በሽታ የሚባለው፣ በሰርኮ ቫይረስ የሚመጣው፣ ላባው እየተበላሸ እንዲወድቅ፣ ምንቃሩም እንዲረዝም፣ እንዲሰነጠቅ፣ እንዲበሰብስ ያደርጋል። ፈውስ የለውም። በላባ ብናኝና በኩስ ይተላለፋል፤ በዕቃ ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ አዲስ የገዛችኋትን ወፍ በተለየ ክፍል ቢያንስ 30 ቀን፣ ብትችሉ 45 ቀን አቆዩ፤ የነባሮቹን ቀድማችሁ፣ የአዲሷን መጨረሻ አገልግሉ። «ጤነኛ ትመስላለች» ማለት ምንም ማለት አይደለም።

ቫይረስና ምንቃር ሲነሳ የአላስካው ነገር ሳይነገር አይታለፍም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አላስካ ውስጥ ቺካዲ የሚባሉ ጭብጥ የማይሞሉ የዱር ወፎች ምንቃራቸው ተጣሞ፣ ተቆላልፎ፣ ከልክ በላይ ረዝሞ ይታይ ጀመር። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ሳይንቲስቶች ለዓመታት ተከታተሉት። የምግብ ጉድለት ይሆን? መርዝ ይሆን? ተባይ ይሆን? እያንዳንዱን መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከታመሙት ወፎች ቀድሞ የማይታወቅ ቫይረስ ማግኘታቸውን አሳተሙ። አያችሁ? ላብራቶሪ ያለው፣ ገንዘብ ያለው ተቋም «ለምን?» ለሚለው አንድ ጥያቄ ይህን ያህል ዓመት ሠራ። እኛ ቢያንስ ምንቃሩን ከመቁረጣችን በፊት አንድ ሳምንት እንስጠው።

«የሚፋቅ እንጨት ስላልሰጠኋት ነው የረዘመው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እንጨት ስጧት፤ ያልተረጨ የዘይቱን ቅርንጫፍ፣ ወፍራምም ቀጭንም አድርጋችሁ። ነገር ግን ጤነኛ ወፍ ያለ እንጨትም ምንቃሯን ታፋጫለች። ስለዚህ በእንጨት ማጣት ብቻ አታመካኙ፤ በሽታው ተደብቆ የሚቆየው እንዲህ ባለው ቀላል መልስ ሥር ነው።

ሦስተኛ፣ ምን እናድርግ? ከመጣመም ልጀምር።

የላዩ ምንቃር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሄዶ ከታችኛው ጋር እንደ መቀስ ሲተላለፍ፣ ነገሩ ራሱን እያባሰ ይሄዳል። ለምን? የማይገናኘው ወገን አይፋጭም፤ ስለማይፋጭ ይረዝማል፤ ሲረዝም የላዩን የበለጠ ይገፋዋል። ጫጩት ላይ፣ ዘር ራሷ መፈልፈል ሳትጀምር ከደረሳችሁ በጣት ይቃናል። ጭንቅላቷን በአንድ እጅ ደግፉ፤ በሌላው እጅ አመልካች ጣት የላይኛውን ምንቃር ወደ ትክክለኛው ወገን በለሆሳስ ግፉ፤ አሥር ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ድገሙ። በአንድ ጊዜ 5 ደቂቃ እስከ 10 ደቂቃ፣ በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ፣ ከምግብ በፊት። ቆዳ ሲነጣ ካያችሁ አብዝታችኋል። የላዩ ጫፍ ከታችኛው ውስጥ ለገባባት ጫጩትም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የላዩን ወደ ፊትና ወደ ላይ ማውጣት ብቻ ነው። አንድ ቀን አድርጎ ሦስት ቀን መተው ግን ምንም አይጠቅምም።

ከጠነከረ በኋላ የሐኪም ሥራ ነው። ሐኪሙ ወፏን በማደንዘዣ ጋዝ አስተኝቶ፣ የጥርስ ሐኪሞች በሚጠቀሙበት ማጣበቂያ በታችኛው ምንቃር ላይ፣ የላዩ ወደሚያጋድልበት ወገን፣ ትንሽ ግድግዳ ይሠራል። ወፏ አፏን በዘጋች ቁጥር የላዩ በግድግዳው ላይ ተንሸራቶ ወደ መካከል ይመለሳል። ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆይና ይነሳል። የሚበላሸው የት ነው? ማጣበቂያው ሲደርቅ ይሞቃል፤ በአንዴ ወፍራም አድርጎ የቀባ ሰው ሥጋውን ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ በስስ በስሱ ይደረባል። ከሥሩ ምግብ ከገባ ይበሰብሳል፤ በየቀኑ ይታይ። እንደ ባጂ ላሉ ትንንሾች ደግሞ ክብደቱም ይከብዳል፣ የሚጣበቅበት ቦታም የለም። ለእነሱ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት እየቆጠሩ ዕድሜ ልክ መሞረድ ይሻላል። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ ብዙ ወፍ እንዲህ ሆና በደስታ ትኖራለች።

እንግዲህ መሞረዱ። መጀመሪያ ሐኪም ሞርዶ ካሳያችሁ በኋላ፣ ምክንያቱ ከታወቀና ወፏ ካልወፈረች፣ ካላለከለከች ብቻ በቤት ይሞከር። የጥፍር መቁረጫ አይነካም! ለምን? ኬራቲኑ ንብርብር ነው፤ መቁረጫው ሲጫነው ጫፉ ላይ አይቆምም፣ ስንጥቁ ወደ ላይ ወደ ሕያው ሥጋ ይሮጣል። የሚያስፈልገው ደቃቅ የጥፍር ሞረድ ነው፤ ለትልልቅ በቀቀኖች ደግሞ ጥፍር ቤቶች የሚጠቀሙበት ትንሹ የኤሌክትሪክ መሞረጃ፣ ባለ ዝግተኛ ዙር፣ ስለሚሞቅ በየሁለት ሰከንዱ እያነሳችሁ።

ሁለት ሰው ሁኑ። ክፍሉ ይሙቅ፣ መስኮቱ ይዘጋ። ትንሽ ፎጣ ውሰዱ፤ ወፏን ከኋላ ያዟት፤ አውራ ጣትና አመልካች ጣት ከሁለቱም ወገን መንጋጋዋ ሥር ይሁኑ። ደረቷን አትጫኑ! ወፍ እንደ እኛ በሆዷና በደረቷ መካከል የሚሠራ የመተንፈሻ ጡንቻ የላትም፤ የምትተነፍሰው የደረቷን አጥንት ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንቀሳቀስ ነው። ደረቷን የጨበጠ ሰው አንገቷን ሳይነካ ያፍናታል። ምንቃሯ ነጣ ያለ ከሆነ ከኋላ በስልክ መብራት አብሩበት፤ የደም ሥሩ ጥላ የሚያልቅበት ቦታ ይታያል። ከዚያ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ራቁ። ጥቁር ምንቃር ላይ ስለማይታይ በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር አትለፉ። ብናኙ አፍንጫዋ እንዳይገባ ሞረዱን ከአፍንጫዋ ወደ ጫፍ ግፉ። ጠቅላላው ከ3 ደቂቃ አይለፍ፤ አፏን ከፍታ ካለከለከች ሥራው አለቀ፣ ልቀቋት፣ ነገ ይቀጥላል።

ከደማስ? በንጹሕ ጨርቅ ጫፉን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ የበቆሎ ስታርች ወይም ንጹሕ ዱቄት ነስንሱበት፣ አምስት ደቂቃ ሳታነሱ ቆዩ። ቡና አትነስንሱ፤ ለእኛ ቁስል የለመድነው ነው፤ ለወፍ ግን ምንቃሯ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ሆዷ ይሄዳል፣ ቡናም ለእሷ መርዝ ነው። ስንት ደም አላት? ከክብደቷ አንድ አሥረኛ ያህል። ባለ 35 ግራም ባጂ በጠቅላላው 3.5 ሚሊ ሊትር፤ ከሻይ ማንኪያ ያንሳል። ሰባት ስምንት ጠብታ ከፈሰሳት ከደሟ አሥር ከመቶውን ማጣቷ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ነው የደማችው» አትበሉ፤ ጠብታዎቹን ቁጠሩ።

ስብራት ደግሞ ሌላ ነው። ድመት፣ የጣሪያ ማራገቢያ፣ መስታወት፣ ወይም በሽቦው በኩል የነከሰቻት ጎረቤት ወፍ። መጀመሪያ ደሙን አቁሙ፤ ከዚያ ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውሃ እጠቡ፤ አንድ ሊትር የፈላ ውሃ ላይ 9 ግራም ጨው፣ ወደ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ልክ። ወፏን 30 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ፣ ጨለም ባለ ሳጥን አድርጋችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። የተሰበረውን ጫፍ ካገኛችሁ በእርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ። ከቤታችሁ መድኃኒት፣ የሰው የሕመም ማስታገሻ፣ ሱፐር ግሉ፣ ምንም አታድርጉ። ድመት ከነካቻት ደግሞ ቁስሉ ባይታይም በዚያው ቀን ፀረ ባክቴሪያ ያስፈልጋታል።

ጫፉ ብቻ ከሄደ ሽፋኑ ተመልሶ ያድጋል፤ ወራት ይፈጃል። አጥንቱ ከተቆረጠ ግን አያድግም። ይህን እንድታውቁ እፈልጋለሁ፤ «ይበቅላል» እያሉ ወፏን በረሃብ የሚያቆዩ ሰዎች አሉ።

ሰው ሠራሽ ምንቃርስ አይቻልም ወይ? ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮስታሪካ ውስጥ ግሬሲያ የተባለ ቱካን በደረሰበት ጭካኔ የላይኛው ምንቃሩ ግማሽ ተሰብሮ ተገኘ። ሕዝቡ ገንዘብ አዋጣ፣ መሐንዲሶች በስሪ ዲ ማተሚያ ምንቃር ሠሩለት፣ በ2016 መጀመሪያ ተገጠመለት። እንደገና መብላትና ላባውን ማበጠር ቻለ። አገሪቱ ስለ እንስሳት ጥበቃ በያዘችው ክርክርም ስሙ ይነሳ ነበር። ነገር ግን ቱካን ትልቅ ምንቃር ያለው ወፍ ነው፤ የሚጣበቅበት ቅሪት ነበረው። በቀቀን ግን በምንቃሩ ስለሚጨብጥ፣ ስለሚወጣና ስለሚሰብር ማጣበቂያው ቶሎ ይለቃል። በ40 ግራም ላቭበርድ ላይ ይህን ቃል የሚገባላችሁን ሰው አትመኑ።

አራተኛ፤ እንግዲህ የማይስተካከለው ምንቃርስ? ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ በግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ነው። በየጠዋቱ፣ ከኮሰች በኋላና ከመብላቷ በፊት መዝኗት፤ ጻፉት። ባጂ ከ30 እስከ 40 ግራም፣ ላቭበርድ ከ40 እስከ 60፣ ኮካቲል ከ80 እስከ 110፣ ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ከ400 እስከ 550 ገደማ። የራሷን ልክ ካወቃችሁ በኋላ ከዚያ አሥር ከመቶ ከቀነሰች ድንገተኛ ሁኔታ ነው። ባጂ ከሆነች ይህ 3 ግራም ተኩል ነው፤ በዓይን አይታይም፣ ላባው ይሸፍነዋል።

ለምን በምግብ ዕቃው አትተማመኑም? ምክንያቱም ምንቃሯ የተጣመመ ወፍ ዘሩን ታነሳለች፣ ታንከባልላለች፣ ትጥለዋለች። ቀኑን ሙሉ ዕቃው ላይ ስለምትውል የምትበላ ይመስላችኋል። ትሞክራለች እንጂ አትበላም። ኩሷ ካነሰ፣ ከጠቆረና አረንጓዴ ከሆነ፣ የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ስለት ከተሰማችሁ ተርባለች።

ስለዚህ ምንቃር የማይፈልግ ምግብ ስጡ። አንድ የተቀቀለ እንቁላል አድቅቃችሁ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተቀቅሎ የተፈጨ ካሮት ወይም ዱባ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው የሌለው በሶ፣ የጣት ቁንጥር የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት፤ በለብ ያለ ውሃ ለውሱት፣ እጅ ላይ የማይጣበቅ ፍርፍር እስኪሆን። ለባጂ በቀን ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል፣ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ። የተረፈውን ከሁለት ሰዓት በኋላ አንሱ፤ እንቁላል በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። ያለ ሽንኩርትና ያለ ጨው የተቀቀለ ምስር ክክ፣ የተቀቀለ ሩዝም ጥሩ ነው። ጤፍ ቅርፊቱን መፈልፈል ስለማያስፈልግ ያበጠችውን፣ የራሰችውን ብትሰጧት ትውጠዋለች። አቮካዶ ግን በፍጹም፤ ይገድላታል። ሽሮ ወጥም አይሆንም፤ ጨውና ሽንኩርት አለበት።

ዕቃው ጠለቅ ያለ ይሁን፤ ምግቡ 3 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ይኑረው። ለምን? ምንቃሯ ስለማይቆነጥር እየዛቀች ነው የምትበላው፤ በስስ ከተነሰነሰ አይያዝላትም። ውሃ በጠባብ ቱቦ መጠጫ አትስጡ፤ የተላለፈ ምንቃር አይገባበትም። ክፍት ሳህን፣ 2 ሴንቲሜትር ውሃ፣ በቀን ሁለቴ የሚቀየር፤ ለስላሳ ምግብ ስለምትነክርበት ቶሎ ይበላሻል። ማታ ማታ የምንቃሯን ዳርና ሥር በእርጥብ ጥጥ ጥረጉላት፤ ደርቆ የተጣበቀ ምግብ ሥር ሻጋታ ይበቅላል።

ላባዋንም ራሷ ማበጠር አትችልም። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በቀን ፀሐይ ለብ ያለ ውሃ በጤዛ መልክ እርጩላት። አዲስ የሚወጣው ላባ የታሸገበት ነጭ ቅርፊት ሲደርቅ በጥፍራችሁ ዳር ቀስ አድርጋችሁ ፈርፍሩላት፤ ሥሩ ሰማያዊ ወይም ቀይ ከሆነ ደም አለበትና አትንኩት። ከሰልና ዕጣን ከምታጨሱበት ክፍልም አርቋት፤ ለማንኛዋም ወፍ ሳንባ ይከፋል፣ ለደከመችው ደግሞ ይብስባታል። ቴፍሎን መጥበሻ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ደግሞ በደቂቃዎች ይገድላል።

ኒውዚላንድ ውስጥ፣ ክራይስትቸርች አጠገብ፣ ብሩስ የሚባል በቀቀን አለ፤ ኬአ ከሚባለው የተራራ በቀቀን ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ገና ወጣት ሳለ ሲገኝ የላይኛው ምንቃሩ ሙሉ በሙሉ አልነበረም። ሰው ሠራሽ ምንቃር አልተደረገለትም። ምን አደረገ መሰላችሁ? ልኩ የሆነች ጠጠር ይመርጣል፣ በምላሱና በታችኛው ምንቃሩ መካከል ያጣብቃታል፣ ላባውን በእሷ ያበጥራል። ስትወድቅበት አንስቶ ወይም ሌላ ፈልጎ ይቀጥላል። የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ይህንን አሳተሙ፤ ማንም አላስተማረውም። ስለዚህ ለእናንተዋም ወፍ ንጹሕ ጠጠር፣ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ የገመድ ቁራጭ አስቀምጡላት፤ ለጉሮሮዋ ግን የምትውጠው መጠን አይሁን።

የእያንዳንዷ ወፍ መጨረሻ ግን እንዲህ አይደለም። ምግቡ ተለውጦ፣ ሕመሙ ታክሞ፣ ለሳምንታት በእጅ ተመግባ ክብደቷን መያዝ ካልቻለች፣ ቀኑን ላባዋን ነፍታ ከተቀመጠች፣ ከሐኪሙ ጋር ስለ ሥቃይዋ በግልጽ ተነጋገሩ። ከባድ ንግግር ነው፤ ግን እሷ መናገር ስለማትችል እኛ መናገር አለብን።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ኑ። የግራም ሚዛን አለ፣ ሁለት ዓይነት ሞረድ አለ፣ ፎጣ አለ። ወፍ ይዛችሁ የመጣችሁ አንድ በአንድ እንመዝናታለን፤ ክብደቷን ዛሬ ጻፉት፣ የመጀመሪያውንም ፎቶ እዚሁ መስኮት አጠገብ አንሱ። አያያዙን መለማመድ የምትፈልጉ መጀመሪያ በተጠቀለለ ካልሲ ላይ ትለማመዳላችሁ። ዛሬ ምንቃር አንሞርድም። በመካከሉ ጥያቄ ያላችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ጠይቁኝ፣ ሌሎቹም ይስሙ።